«ራስ ደጀን በ3 ቀን» የሚለው ማስታወቂያ ያልጻፈው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጥምቀት በተቃረበ ቁጥር «በዓሉን ጎንደር አክብረን በዚያው ራስ ደጀን» የሚል የቡድን ጉዞ ማስታወቂያ ይበዛል። ሰው አገሩን ይይ፣ ተራራውንም ይውጣ፤ በዚህ ጠብ የለንም። ቅሬታችን ማስታወቂያዎቹ የእግር መንገዱን ቀን ሲቆጥሩ የሚታደርበትን ከፍታ አለመጻፋቸው ላይ ነው። ተራራ ላይ ሰው የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ በዋለበት ሳይሆን ባደረበት ነው።

የ3 ቀኑ ፕሮግራም ሲዘረዘር እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቡድኑ ከጎንደር በመኪና ይነሳል፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ላይ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ይከፍላል፤ መሪና ስካውት (መሣሪያ የያዘ ጠባቂ) ያሳፍራል፤ ሳንቃበር የተባለውን ማደሪያ በመስኮት እያየ አልፎ ጨነቅ በተባለው ሌላው ማደሪያ ያድራል። መኪና መንገዱ እስከዚያ ስለሚደርስ የሚከለክለው የለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ጨነቅ 3,620። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጥቶ ማደር ማለት ነው። በየትኛውም አገር የተራራ መሪዎች የሚሠሩበት ልክ የታወቀ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆኑ በኋላ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ በ500 ሜትር ቢበልጥ ነው፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ሌሊት እዚያው መድገም ነው። ቀን ላይ ከዚያ በላይ ወጥቶ መመለስ ግን አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠቅማል።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ለምደነዋል» የሚል መልስ ከአዲስ አበባ ተጓዦች አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው። 2,400 ሜትር ላይ የሚኖር ሰው ከትናንት በስቲያ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ከገባ ዘመዱ ይሻላል። ሆኖም ሰውነቱ የለመደው የአዲስ አበባን አየር ነው፣ የጨነቅን አይደለም። የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ ከፍታ የሚቀንሰው የአየሩን ግፊት ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ ከ60 በመቶ በታች ይወርዳል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት መጀመሪያ በፍጥነት በመተንፈስ፣ ቀጥሎም ኩላሊት የደሙን ጨው በማስተካከል ይመልሰዋል፤ ይህ ሁለተኛው ሥራ ቀናት ይፈልጋል። ጂም የሚሠራ ጎረምሳም ቢሆን እነዚህን ቀናት አያሳጥራቸውም። እንዲያውም በየቡድኑ መጀመሪያ የሚታመመው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው፤ ጉልበት ስላለው ይሮጣልና።

የምንመክረው መንገድ ይኸው ነው። አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ 2,850 ሜትር። በማግስቱ በመኪና እስከ ቡይት ራስ፣ ከዚያ በእግር ገደሉን ጥግ ጥጉን ይዞ ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር። ከሳንቃበር የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ግጭ፣ 3,600 ሜትር፤ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይፈጃል። ከግጭ እመት ጎጎ በተባለው ጫፍ በኩል ጨነቅ። ይህ ረጅም ቀን ነው፤ 8 ሰዓትም ይወስዳል፤ ግን 3,926 ሜትር ላይ ወጥቶ ወርዶ 3,620 ላይ ማደር ስለሆነ ሰውነት የሚለማመደው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም እውነቱን እንናገር ካልን፣ ለዓይን ከሆነ የመጣችሁት ራስ ደጀን ከእመት ጎጎ አይበልጥም። እመት ጎጎ ላይ ቆሞ በሦስት በኩል ገደል ያያል ሰው፤ ራስ ደጀን ላይ የሚያየው አብዛኛው ድንጋይ ነው። 4 ወይም 5 ቀን ብቻ ያለው ቡድን ራስ ደጀንን ትቶ ይህን መንገድ ይሂድ፣ በመጨረሻው ቀን ከጨነቅ 4,430 ሜትር የሆነውን ቧሂትን ወጥቶ ይመለስ። ዋልያን ለማየትም የጨነቅን አካባቢ የሚያህል የለም።

ራስ ደጀን ካላየሁ የሚል ደግሞ የመሸሃን ሸለቆ ይወቅ። ጨነቅና የራስ ደጀን መነሻ ማደሪያው አምቢቆ ካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ። መንገዱ ግን መጀመሪያ 4,200 ሜትር ወደሆነው የቧሂት በር ይወጣል፤ ከዚያ 1,400 ሜትር ቁልቁል እስከ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ እንደገና 400 ሜትር ወጥቶ አምቢቆ ይገባል። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። ይህ ቁልቁለት ጥፍሩን ያልቆረጠ ሰው ጣቱ የሚጠቁርበት፣ ለጉዞው ብሎ አዲስ ጫማ የገዛ የሚጸጸትበት ቦታ ነው። በማግስቱ ወደ ራስ ደጀን 1,300 ሜትር ተወጥቶ ያው ይወረዳል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳ ቡድን እስከ ቀኑ 5 ሰዓት ይደርሳል፤ የመጨረሻዋን ጥቂት ሜትር በእጅም ጭምር እየተያዘ ነው የሚወጣው። 6 ሰዓት ከሆነ ጫፉ 100 ሜትር ቢቀርም መመለስ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይወርዳል፤ ጀምበር ስትጠልቅም ብርዱ ጊዜ አይሰጥም። ከፍታውን ለሚጠይቁ፣ የድሮ ካርታዎች 4,620 ይላሉ፤ የኋለኛው ልኬት 4,533 ነው፤ 4,550 የሚልም አለ። ሰሌዳ ላይ የተለያየ ቁጥር አይታችሁ ከመሪው ጋር አትሟገቱ።

በማስታወቂያው ላይ የሌለችው ቀን ከጨነቅ ከተነሱ ሦስተኛዋ ናት፤ ማለትም መመለሻዋ። ትናንት 9 ሰዓት ሙሉ የሄደ እግር ዛሬ ወደ መሸሃ ወርዶ 1,400 ሜትር ዳገት ወደ ቧሂት በር ይመልሳል። ከራስ ደጀን ይልቅ ሰው የሚደክመው እዚህ ነው። ብዙ ቡድን የሚበታተነውም እዚህ ነው፤ ፈጣኖቹ ጨነቅ ገብተው ሻይ ሲጠጡ ኋለኞቹ በጨለማ በሩ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሁለት መሪ ያስፈልጋል፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ደጀን። (የተራራውን ስም ያወጣው ሰው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን እንጃ።) አንድ መሪ ብቻ ያለው 15 ሰው፣ አንድ ሰው ታሞ መሪው ይዞት ከወረደ በኋላ 14 ሰው ያለ መሪ ነው። ስካውቱ መሣሪያ ይዞ ይጠብቃል እንጂ የሕመም ምልክት የማየት ኃላፊነት የለበትም። በእኛ ግምት ለ8 ሰው አንድ መሪ፣ ቡድኑ ቢያንስም ሁለት።

ከሁሉ በላይ ልናሰምርበት የምንፈልገው ግን ይህ ነው። አምቢቆ ላይ የታመመ ሰው ወዴት ይወሰዳል? መኪናው ጨነቅ ስለቆመ የሁሉም ሐሳብ ወደ ጨነቅ ይሮጣል። ጨነቅ ለመድረስ ግን 4,200 ሜትር መውጣት አለበት። በከፍታ የታመመን ሰው አሳልፎ ወደባሰ ከፍታ ማውጣት ማለት ነው። ትክክለኛው መጀመሪያ ወደ መሸሃ፣ ወደ 2,800 ሜትር ማውረድ፣ እዚያ ማሳደር፣ ሲሻለው ማንሳት ነው። ጨነቅ ወይም ግጭ ላይ ሲሆን ደግሞ አቅጣጫው ሳንቃበርና ደባርቅ ነው፤ ደባርቅ ሆስፒታል አለ፣ ከዚያ በላይ ጎንደር ነው። እንደ ኔፓል ሄሊኮፕተር ጠርቶ ማውረድ እዚህ የተለመደ ነገር ስላልሆነ ማምለጫው እግር፣ በቅሎና መኪና ነው። አዘጋጁ ይህን ከየማደሪያው አስቀድሞ ካላሰበው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማሰብ አይቻልም።

ሕመሙ ራሱ ደግሞ እኛ ዘንድ ብዙ መሸሸጊያ አለው። ከፍታ የሚያመጣው ራስ ምታት ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ስለዚህ ሌሊት ነው። ጠዋት ሰውየው «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» ይላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቡና ከጭነቱ አይጉደል። ቡናውን ጠጥቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ አንድ ፓራሲታሞል ወስዶ ከአንድ ሰዓት በኋላም ካልለቀቀው የቡና አይደለም። «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ገባብኝ» ሌላው ነው። ዳማከሴውም ነጭ ሽንኩርቱም አይጎዱት፤ መውረጃ ግን አይሆኑም። አረቄው ግን ይጎዳል፤ ትንፋሽን ያዘገያል፣ ውኃ ያስወጣል። እንቅልፍ ማስወሰጃ ኪኒንም ያው ነው።

መሪ «ደኅና አደርክ?» ብሎ ከጠየቀ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ሊሞት የደረሰም ይህንኑ ይላል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጓደኞቹን ላለማዘግየት ደግሞ የባሰ ይደብቃል። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ መሆን አለበት። ማታ ስንት በላህ? ቁርስ ጠላህ? ሽንትህ ስንት ጊዜ መጣ፣ ቀለሙስ? አቀርቅረህ ጫማህን ስታስር ራስህን ይመታሃል? እራት ላይ ሳህን ማየት ከመጠየቅ ይበልጣል፤ ትናንት ሲጎራረስ የነበረ ዛሬ ፍርፍሩን ዳር ዳሩን ከነካካ ተይዟል። ሌሊት ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደገና በኃይል ሲመለስ የሚባንን አለ፤ ይህ ብቻውን ከሆነ የተለመደ ነው፣ አያስፈራም።

ራስ ምታት ያለበት ሰው ባለበት ይደር እንጂ አይውጣ። ከዚህ ያለፈውን ለመለየት መሬት ላይ በበትር 3 ሜትር ያህል መስመር ይሰመራል። ሰውየው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኘ መስመሩን ይዞ 10 እርምጃ ይሄዳል፤ ዞሮ ይመለሳል። መሬቱ ጠጠራም ከሆነ ጤነኛውም ስለሚንገዳገድ መሪው አስቀድሞ ራሱ ሄዶ ያሳያል። ከመስመር የሚወጣ፣ እጁን እንደ ክንፍ የሚዘረጋ፣ እንደሰከረ የሚወላገድ ሰው አንጎሉ እያበጠ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ዐርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ጋደም ሲል የሚብስበት፣ የሚያስለው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ደግሞ የታመመው ሳንባው ነው። ሁለቱም በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከ500 እስከ 1,000 ሜትር ይወርዳሉ። ይንጋ አይባልም። ብቻቸውንም አይሄዱም።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ አሴታዞላሚድ የሚባለው ኪኒን 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ሲጀመር ማላመዱን ያፋጥናል። ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል፤ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው፣ የግፊትና የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርም ሐኪም ሳያነጋግሩ አይነሱ። ዴክሳሜታዞን የመሪው ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ለአንጎሉ ሕመም ነው፤ መጀመሪያ 8 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 4። የሚሰጠው ሰውየው መውረድ እንዲችል ነው። ደኅና ሆንኩ ብሎ እንዲወጣ የሚሰጥ መሪ ካጋጠማችሁ ከእሱ ጋር አትሂዱ።

ስለ ምግቡ ጥቂት። የጉዞው ጥሩ ወራት ከጥቅምት እስከ የካቲት ናቸው፤ መሐሉን ጾመ ነቢያት ይይዘዋል፣ ቀጥሎ ዐቢይ ጾም ይመጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ባዶ ሆዱን ራስ ደጀን ይወጣል ወይ የሚለው የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ መሪው ግን አዲስ አበባ ሳለ ጠይቆ ማወቅ አለበት፣ ዳገት ላይ አይደለም። 3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክክና ባቄላ ቢጥዱት አይበስልም፤ ወይ ፕሬሸር ኩከር የሚባለው ድስት ይያዛል፣ ወይ ሽሮ ነው። እንጀራ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይሻግታል ወይ ይፈረፈራል፤ አስቀድሞ ድርቆሽ አድርጎ መያዝ ክብደቱም ይቀላል፣ ማታም በሽሮ ይፈተፈታል። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ለሰው በቀን አንድ ብርጭቆ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር፣ ከ3 እስከ 4 ሊትር ውኃ። ማታ በረዶ ሲጥል ቡታጋዙ ጠዋት ይሰንፋል፤ ቡቴን ከ0 ዲግሪ በታች አይተንም። ወጥ ሠሪው ሲሊንደሩን ማታ በብርድ ልብስ ይጠቅልለው፣ ጠዋት ለብ ባለ ውኃ ሳፋ ውስጥ ያቁመው፤ እሳት ላይ ግን አይጠጋም። እንጨት እንለቅማለን የሚል ቡድን ከነጭራሹ አይግባ። አስታ የተባለው የደጋ ዛፍ ለማደግ ዕድሜ ይፈልጋል፤ በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሳውን እሳት ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቶ ነበር።

በቅሎ ከ45 ኪሎ በላይ አትጫን። ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ መጫኛው ይዞራል፣ ጀርባዋ ይገጠባል፤ ገጣባ በቅሎ ስትመጣ አልቀበልም ማለት የቡድኑ መብት ነው፣ ባለበቅሎውንም ያስተምራል። ጠንካራ ሻንጣ ጎኗን ይወጋታል፤ ለስላሳ ቦርሳ ይያዝ። ከጭነቶቹ ሌላ አንዲት ባዶ በቅሎ ኮርቻ ተጭና መከተል አለባት፤ በዋጋ ድርድር መጀመሪያ የምትቀረው እሷ ናት፣ ሰው ሲታመም የምትፈለገውም እሷው። ጋቢ ድንኳን ውስጥ ጥሩ ነው፤ ከረጠበ ግን አይደርቅም፣ ለመንገድ አይሆንም። ከብርድ ልብስ በፊት ከታች የሚነጠፈው ፍራሽ ይታሰብ፤ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው። ጥቁር ቆዳን ፀሐይ አያቃጥልም የሚለውን የተሰነጠቀ ከንፈር ይመልሰዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት አዘጋጁን የየሌሊቱን ማደሪያ ከነከፍታው ይጠይቁ። መሪዎቹ ስንት ናቸው፣ ማን ነው ተመለስ የሚለው፣ የተመለሰ ሰው ገንዘቡ ምን ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው፤ ተመላሽ ገንዘብ የሌለበት ጉዞ ሰውን ሕመሙን ያስደብቀዋል። የአካባቢው ጸጥታም ሊለዋወጥ ስለሚችል መንገዱ ክፍት መሆኑን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጋዜጣችሁ የጉዞ ማስታወቂያ ሲቀበል ከዋጋው በታች አንዲት መስመር እንዲያስጨምር እንጠይቃለን። ይህን ያህል ቦታ ነው የምትይዘው፦ ደባርቅ 2,850፤ ሳንቃበር 3,250፤ ግጭ 3,600፤ ጨነቅ 3,620፤ አምቢቆ 3,200፣ ሁለት ሌሊት፤ ጨነቅ 3,620።

የተራራ መንገድ መሪዎች
ደባርቅ